ለኸባብ የተቋጠረው

ሃምሳ አለቃ ስምረት ለዕረፍት ድሬዳዋ ከገባች ወዲህ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አቅቷታል። ለገሃሬ ባለው የአባቷ ቤት በረንዳ ላይ ወንበር ታወጣና ትቀመጣለች፤ ሻይዋን ሳትጨርስ ትነሳለች። ጓዳ ትገባለች፣ ለምን እንደገባች ይጠፋባታል፣ ተመልሳ ትወጣለች። ባጃጅ በድንገት ሲያንባርቅ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይሰበሰባል። አልጋው ስለለሰለሰባት ፍራሹን መሬት አውርዳዋለች። በየቀኑ የጀርባ ቦርሳዋን ከጥግ ጎትታ ያለውን ሁሉ ምንጣፍ ላይ ትዘረግፍና እንደገና ታስገባዋለች። የምትሄድበት ቀን ግን ገና ነበር።

አባቷ አቶ ገብረ መድኅን ይህን ሁሉ ያያሉ፤ አይናገሩም። በድሮው ባቡር የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን የሰው ጓዝ ሲያስሩ፣ ሲደረድሩና ሲጭኑ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ዛሬም ቤታቸው ውስጥ ያለ ገመድ ሁሉ ተጠቅልሎ ሚስማር ላይ ይሰቀላል። ስምረት ትንሽ ልጅ ሳለች ሚስታቸው ስለሞተችባቸው፣ ልጅቷን ያሳደጓት እሳቸውና አጥር የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ቱሪያ ናቸው። ቱሪያ ታይዋን ገበያ ውስጥ ብርድ ልብስና ጫማ የምትሸጥ ነጋዴ ናት። አንድ ልጇ ኸባብ አሁን ወታደር ሆኗል፤ የተመደበውም ስምረት የሕክምና ባለሙያ ሆና በምታገለግልበት ሻምበል ውስጥ ነው።

በዚያ ሻምበል ውስጥ ሌሎችም የድሬ ልጆች አሉ። ስለዚህ ስምረት መምጣቷ እንደተሰማ ሰፈሩ ዕቃ ይዞ መመላለስ ጀመረ። አንዷ በሶ በትልቅ ላስቲክ አመጣች። ሌላው ለወንድሙ ስኒከር ገዝቶ መጣ። አንዲት እናት ትራስ ይዘው መጡ፤ ልጃቸው ያለዚያ ትራስ እንቅልፍ አይወስደውም አሉ። ስምረት ሁሉንም በትሕትና መለሰቻቸው።

«በመዳፌ የሚያዝ ነገር ከሆነ እወስዳለሁ። ከዚያ ካለፈ አልችልም» ትላለች።

ሰዎቹ ዕቃቸውን አቅፈው ሲመለሱ በር ላይ የሚያወሩት ይሰማታል። ማዕረግ ሲጨመርላት ኮራች ይላሉ። አንድ ላስቲክ በሶ ምን ይከብዳል ይላሉ። እሷም ትሰማና ወደ ጓዳ ትገባለች፤ እዚያም ቆማ ለምን እንደገባች ታስባለች።

አንድ ቀን አባቷ ዝምታውን ሰበሩት።

«እኔ ባለሁበት የሰው ዕቃ ቀርቶ አያውቅም» አሏት፣ ገመድ እየጠቀለሉ። «ስጪኝና ላስርልሽ። በደንብ ሲታሰር ይቀንሳል።»

«የሚይዘው ቦታ ይቀንሳል አባዬ። ክብደቱ አይቀንስም።»

«መኪና አለ አይደል እንዴ?»

«መኪናው መንገዱ እስካለ ድረስ ነው። ከዚያ ያወርደንና በእግር ነው የምንሄደው፤ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ።»

አቶ ገብረ መድኅን ገመዱን አንድ ዙር ጠቀለሉ። «ታዲያ ወታደር ሽቅብ መውጣት ሥራው አይደለም?»

ስምረት መሬት ተቀመጠችና የሚያዩት ዘንድ አንድ በአንድ በእጇ እያሳየች ነገረቻቸው። መሣሪያው አለ። ጥይቱ አለ። ውኃው አለ፤ ውኃ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል፣ ከሁሉም ቀድሞ ያልቃል። ኮቸሮ የሚሉት ደረቅ ብስኩት አለ፣ ሸራው አለ፣ መቆፈሪያው አለ። በዚያ ላይ የመትረየስ ጥይት ሳጥንና የሬዲዮ ባትሪ በየተራ ይዞራል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሠላሳ ኪሎ ሊደርስ ይችላል። እሷ የመድኃኒት ቦርሳም አላት። የግል ዕቃ የሚባለው እንግዲህ ይህ ሁሉ ጀርባ ላይ ከወጣ በኋላ የሚጨመረው ነው።

«ሰው ቤቱ ሆኖ ሲያስብ የሚታየው በሶው ብቻ ነው» አለች። «ከበሶው ሥር ያለው አይታየውም።»

አባቷ ገመዱን ሰቀሉት። ስለ ዕቃ ዳግመኛ አላነሱባትም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስልኳ ጠራ። ፍቃድ ላይ ያላችሁ የሻምበሉ አባላት በሙሉ ነገ ጠዋት ድሬዳዋ ካምፕ በር ላይ ተገኙ የሚል ትዕዛዝ ነበር። ለምን እንደሆነ አልተነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ስልኩን ስትዘጋ ደስ አላት። ደስ ስላላት ደግሞ አባቷን ቀና ብላ ማየት ከበዳት።

ወሬው ወዲያው አጥር ዘለለ። ፀሐይዋ አናት ላይ ሳትደርስ ቱሪያ ከታይዋን በባጃጅ መጣች። ሾፌሩ ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ትልቅ ቋጠሮ እየጎተተ አወረደና በረንዳው ላይ አስቀመጠላት። ቱሪያ በሻርፗ ጫፍ ላቧን እየጠረገች ቋጠሮውን ፈታችው። ነብር የተሳለበት ድርብ ብርድ ልብስ ነበረበት። ትልቅ ቆርቆሮ የዱቄት ወተት፣ ጃኬት፣ ጫማ፣ በባትሪ የሚሠራ መብራት፣ የስልክ ቻርጀር፣ ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ በካርቶን ታሽጎ፣ ሽርጥ፣ ካልሲዎች።

«ካለፈው ጊዜ አሳንሼዋለሁ» አለች ቱሪያ። «ኸባብ ብርድ አይችልም፤ አንቺው ታውቂዋለሽ። ድሬ ውስጥ በጥቅምት ካልሲ አድርጎ የሚተኛ ልጅ ነው እኮ።»

ስምረት ዕቃውን አየችው። ወተቱ ላይ ስትደርስ ዓይኗን መለሰች።

«እማ ቱሪያ፣ ይሄን መውሰድ አልችልም።»

«የቱን?»

«ካልሲውን ስጪኝ። እሱን እወስድለታለሁ።»

ቱሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። የስምረትን ፊት ስታይ ግን ሳቋ ቀረ። «ሰውን እንደምትመልሺ ሰምቻለሁ» አለች። «ለሌላው ነው ብዬ ነበር። እኔንም ይጨምራል አላልኩም።»

«ላንቺ ብዬ ከወሰድኩ ለሌሎቹ ምን እላለሁ?»

«አቦ ሌሎቹን ተያቸው። ሌሎቹ መቼ አሳደጉሽ?»

ስምረት ከወንበሩ ተነስታ የበረንዳውን ምሰሶ ያዘች፤ ቀጥላ ለቀቀችው።

«ኩፍኝ የያዘሽ ጊዜ» አለች ቱሪያ ቀስ ብላ፣ «ጎርፍ መጥቶ መኪና አልነበረም። ሐኪም ቤት የሄድሽው እዚህ ጀርባዬ ላይ ነው። ከብደሽኛል ብዬ አላወረድኩሽም።»

ይህን ብላ ወጣች። ቋጠሮውን እንደተፈታ ተወችው፤ ባጃጁ እየጠበቃት ነበር።

ስምረት ብርድ ልብሱን አጠፈችው። ፈታችና እንደገና አጠፈችው። በግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለች። አባቷ ከውስጥ ሆነው ምሳ ቀርቧል አሏት፤ አልራበኝም አለች። የምታስበው የወተቱን ቆርቆሮ ነበር። እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ከዚህ ቀደምም አይታለች።

ነገሩ የሆነው ወደ ዕረፍት ከመምጣቷ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። ሻምበሉ ከአንድ ምሽግ ወደ ሌላ ምሽግ እየተዛወረ ነበር። ቀኑ ሞቃት፣ ዳገቱ ጠጠር የበዛበት ነው። ኸባብ ከሰልፉ እየዘገየ መጣ። ስምረት ቆማ ጠበቀችውና ቦርሳውን ከሥር በእጇ አነሳ አድርጋ ስትመዝነው ደነገጠች።

«ምን ይዘህ ነው?»

«የቤት ዕቃ ነው» አላት። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነበር።

«ጣለው። አሁኑኑ አውጣና ጣል።»

«እሺ፣ እላይ ስደርስ» አላት።

እላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እግሩ ጠጠር ላይ ተንሸራተተ። ባዶ ጀርባ ቢሆን ኖሮ እጁን ተክሎ ይነሳ ነበር። ግን ቦርሳው ወደ ኋላ ሳበውና ይዞት ወረደ። ጓደኞቹ ሲገለበጥ አዩት፤ ማንም የሚደርስለት አልነበረም። አንድ የግራር ቁጥቋጦ ያዘው እንጂ ከቁጥቋጦው በታች ገደል ነበር። ስምረት በቂጧ እየተንሸራተተች ደረሰችለት። ከአንገቱ ሥር ያለችው ቀጭን አጥንት ተሰብራለች፤ ፊቱ ተጋግጧል። ቦርሳውን ለመፍታት ጠፍሩን በመቀስ ቆረጠችው። ከውስጡ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ሙሉ ቆርቆሮ ወተትና አንድ ጊዜ እንኳ ያልተጫማው ጫማ ወጣ። የኸባብን መሣሪያና ጥይት፣ አልጥልም ያለውን ዕቃም ሌሎቹ ተከፋፍለው ተሸከሙ። ሰልፉ ዘገየ፣ ውኃቸው መንገድ ላይ አለቀ። ምሽጉ የደረሱት ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነው።

አጥንቱ መግጠም ጀምሮ ነበር ስምረት ለዕረፍት ስትነሳ። ኸባብ እጁ እንደታሰረ ሊሸኛት መጣና ሁለት ነገር ለመናት። አንደኛው፣ እናቴ ከእንግዲህ ምንም እንዳትልክ አድርጊ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ መውደቄን እንዳትነግሪያት የሚል። ስምረት ሁለቱንም እሺ ብላ መጣች። አንዱን ሳያፈርሱ ሌላውን መፈጸም እንደማይቻል የገባት ድሬ ከደረሰች በኋላ ነው።

ከቀትር በኋላ ቋጠሮውን አሰረችና በአንድ እጇ ያዘችው። የራሷን የጀርባ ቦርሳ እንደተሞላ አዘለችው። አባቷ በር ላይ አገኟት።

«አሁን ትሄጃለሽ እንዴ?»

«ታይዋን ደርሼ ልምጣ።»

«ቦርሳው ለምን?»

«እንጃ» አለች። እውነቷን ነው፤ ገና አላወቀችም።

ታይዋን ስትደርስ ሙቀቱ የገበያውን ሰው አፍዝዞታል። ሻጮቹ ከየሱቃቸው ጥላ ሥር ጫታቸውን ይዘው ጋደም ብለዋል። ከጣራ ወደ ጣራ በተወጠረው ሸራ ሥር አየሩ አይንቀሳቀስም። ቱሪያ ከሱቋ በራፍ ላይ የብርድ ልብስ ቁልል ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ስምረት ቋጠሮውን ከፊቷ አኖረችው።

«መልሰሽ አመጣሽልኝ?» አለች ቱሪያ።

«አዎ፣ መልሼ ነው ያመጣሁት።»

«ተይው እንግዲህ። ሰው አገኛለሁ። ሌላ ወታደር አይጠፋም።»

«ሌላ ሰው እንዳትልኪ ነው የመጣሁት እማ ቱሪያ። ኸባብ ራሱ ነው አትላክልኝ ያለው።»

ቱሪያ ቀና አለች። «እኔ ስልክ ሲያገኝ የማናግረው ኸባብ ሁልጊዜ እናቴ ተባረኪ ነው የሚለኝ። አትላኪ ብሎኝ አያውቅም። ደግሞ ክብደት ክብደት ትያለሽ። ሠላሳ ዓመት የልብስ ቦንዳ ከመኪና አውርጄ እዚህ ድረስ ያመጣሁት በምንድን ነው? በጀርባዬ ነው።»

ስምረት ያን ጊዜ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«እንግዲያው ያዢው» አለቻት። «ከዚህ እስከ አስፋልቱ ድረስ ብቻ።»

ቱሪያ ለክርክሩ ስትል ተነሳች። ስምረት ከኋላዋ ቦርሳውን ደግፋ ጠፍሮቹን በሁለቱ ትከሻዎቿ አሳለፈችላት፤ ወገቧ ላይ አጠበቀችላት። ከዚያ የኸባብን ቋጠሮ አንስታ ከላይ ጨመረችበትና በሻርፑ አሰረችው። እጇን ስትለቅ ቱሪያ ወደ ኋላ ተንገዳገደች። የሱቁን መዝጊያ ይዛ ቆመች።

«መሣሪያና ጥይት የለበትም ይሄ» አለች ስምረት።

«አውቄአለሁ» አለች ቱሪያና መራመድ ጀመረች።

በሱቆቹ መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ጎንበስ ብላ ሄደች። ስምረት ከኋላዋ ተከተለች። ጎን ለጎን የምትሸጠው ሙኒያ ከተጋደመችበት ቀና ብላ፣ «ቱሪያ፣ ዘመትሽ እንዴ?» አለች። ጫት የሚቅሙት ሰዎች ሳቁ። ቱሪያ አልሳቀችም። መጀመሪያ ላይ ፈጠን ብላ ነበር የምትራመደው። የጫማ ሱቆቹን አልፋ ሳይቆይ እርምጃዋ አጠረ። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገትሮ ወጣ። መንገዱ ላይ የተዘረጋ ዕቃ ልትሻገር አንድ እግሯን ስታነሳ ቦርሳው ወደ ጎን ወሰዳት፤ ስምረት ከኋላ ይዛ አቆመቻት።

«ምንድን ነው ውስጡ ያለው እንዲህ የሚጎትተው?» አለች ቱሪያ፣ ሳትዞር።

«ግሉኮስ ነው። ፋሻ አለ፣ መድኃኒት አለ።»

«ይሄን ሁሉ ያንቺ ሐኪም ቤት አይሰጥም?»

«ይሰጣል። እኔ ትርፍ እይዛለሁ።»

«የሰውን እያስጣልሽ ያንቺን ትጨምሪያለሽ ማለት ነው።»

«የኔን ሹራብ አውጥቼ ነው የጨመርኩት» አለች ስምረት። «የሚወድቅ ሰው ይኖራል።»

ቱሪያ ቆመች። አስፋልቱ ጋ ገና አልደረሱም። ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ አጠገብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ በመዳፏ ተደገፈችው። ላቧ ከአገጯ እየተንጠባጠበ ነበር።

«ወድቋል አይደል?» አለች።

ስምረት ቦርሳውን ከሥር ደገፈችላት።

«ስምረት፣ ልጄ ወድቋል?»

«ወድቆ ነበር። አሁን ደህና ነው። አጥንቱ ገጥሟል፣ እኔው ነኝ ያሰርኩት።»

ቱሪያ ሸክሙን እንደያዘች ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ስምረት ልታወርድላት እጇን ስትዘረጋ በክንዷ ገፋቻት። «ተይው» አለች። «የቱ አጥንት ነው?»

ስምረት በራሷ አንገት ሥር በጣቷ አሳየቻት። ከዚያ ዳገቱን፣ ጠጠሩን፣ ቁጥቋጦውን ነገረቻት። ከቁጥቋጦው በታች የነበረውን ዘለለችው። ቱሪያ ግን የተዘለለ ነገር እንዳለ አውቃ ጠየቀች፤ ስምረት ያንንም ነገረቻት።

«ቦርሳው ውስጥ ምን ነበር?»

ስምረት እዚህ ላይ ልትዋሽ አሰበች። የመንግሥት ዕቃ ነው የጣለው ብትል ቱሪያ ታምናለች፤ ዛሬ ቀለል ብሏት ትተኛለች። ነገር ግን በሚቀጥለው ወር አንድ ሌላ ወታደር ሌላ ቋጠሮ ተሸክሞላት ይሄዳል።

«ሁለት ብርድ ልብስ። አዲስ ጫማ። የወተት ቆርቆሮ» አለች።

«ቆርቆሮው ተከፍቶ ነበር?»

«አልተከፈተም።»

ቱሪያ ራሷን ነቀነቀች። ስምረት ለቅሶ ጠብቃ ነበር። ቱሪያ ግን ተቆጣች።

«ይሄ ልጅ ምን ነክቶታል? ሰው የከበደውን አይጥልም? እጅ የለውም? ጣል አላልሽውም?»

«ብዬዋለሁ። እጁን ካሰርኩለት በኋላም ለምን አልጣልክም ብዬ ጠየቅሁት። እናቴ የላከችውን እንዴት አድርጌ መንገድ ላይ እጥላለሁ አለኝ።»

ቱሪያ ይህን ስትሰማ እጇን ወደ ጠፍሩ ሰደደች። ስምረት ፈታችላት። ሸክሙ ከጀርባዋ ሲወርድ ቀሚሷ እስከ ወገቧ በላብ ርሶ ተጣብቋል። ቋጠሮውን ከላይ አወረደችና እዚያው ደረጃ ላይ ፈታችው። ብርድ ልብሱን ወደ ጎን አደረገች። ወተቱን አንስታ በእጇ መዘነችውና ብርድ ልብሱ ላይ አኖረችው። ጫማውን፣ መብራቱን፣ ጃኬቱን እንዲሁ። ሙሸበኩን ይዛ ትንሽ አመነታች።

«እሱ ተሰባብሮ ነው የሚደርሰው» አለች ስምረት።

«እንግዲያው ነገ መኪና ላይ እናንተ ብሉት» ብላ ለስምረት ሰጠቻት። የቀረው ካልሲውና ሽርጡ ነበር። «ሽርጥስ?»

«ሽርጥ ጥሩ ነው። ይቀላል። ፎጣም ይሆናል፣ አንሶላም ይሆናል። እጁንም ያስርበታል።»

ቱሪያ ሽርጡን በትንሹ ጠቀለለችው። ካልሲዎቹን ከውስጡ ከተተች። ከዚያ ስምረትን ቀና ብላ አየቻት።

«ይሄን ብቻ ብልክለትም፣ ያለፈውን ቢጥል የምቀየም ይመስለዋል። ስልክ አይሠራም እዚያ?»

«ኔትወርክ የለም።»

«ድምፅ ቅጂልኝ እንግዲያ። በስልክሽ ይዘሽው ሂጂ።»

ስምረት ስልኳን አወጣች። ቱሪያ መጀመሪያ ላይ በሰላምታና በምርቃት ጀምራ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አጎቱ ልጅ ሰርግ አወራች፤ በመሃል ቆመችና አጥፊው አለች። ሁለተኛውን ስትጀምር ድምጿ ስለተሰበረ ራሷ ስልኩን በእጇ ከለለችው። ለሦስተኛው አጠገባቸው ካለ ሱቅ ውኃ ተቀብላ ጠጣችና ጉሮሮዋን አጸዳች።

«ኸባብ፣ እኔ ነኝ። ስማኝ። መውደቅህን ሰምቻለሁ። ስምረትን እንዳትቆጣት፣ አስገድጄ ነው ያወጣጣኋት። የላክሁልህን ብርድ ልብስ ገቲ፣ ጣለው። ወተቱንም ገቲ። ጣለው፣ ለማንም ስጠው፣ መንገድ ላይ ተወው። አልቀየምህም። ወላሂ አልቀየምም። ዕቃ እንደሆነ ታይዋን ሞልቷል። አንተ ግን…» አለችና ዓይኗን ገበያው ላይ አንከራተተች። «አንተ ግን እግርህን እያየህ ሂድ።»

ወደ ቤት የተመለሱት በአንድ ባጃጅ ነው። ቱሪያ ቤቷ አልገባችም። በሶ ወዳመጣችው፣ ትራስ ይዘው ወደመጡት እናት እየዞረች በየበሩ ቆማ ስታወራ ስምረት ከበረንዳው ሆና አየቻት። የምትለው አይሰማም፤ አንዴ ግን በእጇ አንገቷ ሥር ስታሳይ ታየች። ከዚያ በኋላ ወደ ስምረት ዕቃ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም። ትራሱ የተመለሰባቸው እናት ብቻ መጥተው፣ ልጄን ሳሚልኝ አሏት።

ጠዋት አባቷ ካምፑ በር ድረስ ሸኟት። ቦርሳዋን ከማዘሏ በፊት ከፍተው የከበደውን ነገር ወደ ጀርባዋ አስጠጉት፣ የቀለለውን ወደ ውጭ አደረጉ፣ ጠፍሩን ልክ አስገቡ። ስታነሳው የተሻለ መሆኑ ተሰማት።

«እዚያስ ትቀመጫለሽ?» አሏት።

«እዚያም አልቀመጥም አባዬ። ግን እዚያ ማንም አይቀመጥም።»

አቶ ገብረ መድኅን ግንባሯን ሳሟት። ኦራሉ ሲንቀሳቀስ ሌላ ሰው እጁን ያውለበልባል፤ እሳቸው ግን መኪናው ላይ የተጫነው ዕቃ የታሰረበትን ገመድ ነበር የሚያዩት።

መንገዱ ሲያልቅ ወረዱ። ቀኑን ሙሉ ወጡ። ስምረት ምሽጉ ስትደርስ ኸባብ ውኃ ከሚቀዳበት ጎድጓዳ አጠገብ ነበር። እጁ ተፈቷል፤ ጀሪካን የሚያነሳው ግን በቀኙ ብቻ ነው። ሽርጡንና ካልሲውን ሰጠችው። ይህ ብቻ መሆኑን ሲያይ ፊቱ በራ። ስልኩን ስትከፍትለትና የእናቱ ድምፅ ሲወጣ ግን ደስታው ጠፋ። እስከ መጨረሻው ሰማ። ስልኩን መለሰላት።

«ነግረሻታል» አላት።

«ነግሬአታለሁ።»

«አደራ ብዬሽ ነበር።»

«ብለኸኛል።»

ጀሪካኑን አንስቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለቁስሉ ሲመጣ ትከሻውን ያሳያታል፣ እጅህን አንሳ ስትለው ያነሳል፣ አመሰግናለሁ ብሎ ይሄዳል። እንደ ወትሮው ሃምሳ አለቃ ብሎ ይጠራታል፤ በፊት ከማዕረጉ ጋር ይመጣ የነበረው ቀልድ የለም። ስምረት ሌላ ሰው ስታክም ከምሽጉ ማዶ ዓይኗ ይፈልገዋል። ስህተት ሠርቻለሁ አላለችም። ትክክል ነበርኩ ብላም አልተረጋጋችም። የመድኃኒት ቦርሳዋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

ከቀናት በኋላ ሻምበሉ እንደገና እንዲንቀሳቀስ ታዘዘ። ጎህ ሲቀድ ሁሉም ዕቃውን መሬት ላይ ዘርግቶ ማሸግ ጀመረ። ስምረት በወታደሮቹ መካከል እየዞረች የእግር ቁስል ትመረምራለች። ኸባብ ከድንጋይ ካብ ሥር ተንበርክኮ አየችው። ከፊቱ ሁለቱ ብርድ ልብሶች አሉ፤ ከወደቀበት ዳገት ሌሎች ሰዎች እየተቀባበሉ ያመጡለት ናቸው። አንዱን ቦርሳው ውስጥ አስገባ። አወጣው። ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ መሬት ላይ እየገፋ አጠፈው፤ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ፣ ለገበያ እንደሚቀርብ ብርድ ልብስ አድርጎ አሳመረው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሁለቱን ደራርቦ ዝናብ ከማይደርስበት የድንጋዩ ጥግ አኖራቸውና ላያቸው ላይ ያለውን አቧራ በመዳፉ አራገፈ። ወተቱን ለምሽጉ ጠባቂዎች ሰጠ፤ እነሱ የሚቀሩ ናቸው።

የቀረውን ቦርሳ አዘለ። ግራ ትከሻው ላይ ያለው እንደገና የተሰፋ ጠፍር ገና በሚያመው አጥንት ላይ ስለዋለ በአንድ እጁ ሊያላላው ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ዞር ብሎ ስምረትን አያት። ለመጥራት ትንሽ ጊዜ ወሰደበት።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይቺን ሳቢልኝ እስኪ።»

መጣች። ጠፍሩን ወደ ውጭ አሸሸችለት፣ ከሥሩ ሽርጡን አጥፋ እንደ ትራስ ደለደለችለት። ቦርሳውን ከሥር በእጇ አነሳ አድርጋ መዘነችው።

«ይሻላል?» አለችው።

«እስኪ እናየዋለን» አላት።

ከፊት ተነሱ የሚል ድምፅ መጣ። ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ። ኸባብ ቦታውን ያዘ፤ ስምረት ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆማ እስኪያልፉ ጠበቀች። ከዚያ ግሉኮሱ የሚንቦጫቦጭበትን ቦርሳዋን ወደ ላይ ሳብ አደረገችና ተከተለቻቸው።